ከሰኔ 30 እስከ ትምህርት መክፈቻ፦ ኦቲዝም ላለበት ልጅ ክረምቱን ማቀድ

ሰኔ 30 ለአብዛኛው ተማሪ የደስታ ቀን ነው። ካርድ ይታደላል፣ ደብተር ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ማንም "ተነሥ፣ ረፈደብህ" አይልም። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ግን ያ ቀን የለመደው ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚቋረጥበት ነው። ጠዋት የሚለብሰው ዩኒፎርም፣ የሰርቪስ መኪናው ጥሩምባ፣ ደወሉ፣ የምሳ ዕቃው ቀኑን የሚያነብባቸው ምልክቶች ነበሩ። እነሱ ሲጠፉ አሁን ምን እንደሆነና ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ የሚነግረው ነገር ያጣል። በሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንታት ብዙ ወላጆችን የሚያስጨንቃቸው የእንቅልፍ መዛባት፣ ምክንያቱ የማይታወቅ ልቅሶ፣ እጅ መንከስና ምግብ እምቢ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ከዚሁ ይነሣል።

መፍትሔው ቀኑን ለልጁ በዓይን እንዲታይ ማድረግ ነው። ዕቅድ ሲባል ብዙ ሰው በሰዓት የተሸነሸነ ሠንጠረዥ ያወጣል፤ ከ2:00 እስከ 2:30 ፊደል፣ ከ2:30 እስከ 3:00 ሥዕል። የሐምሌ ዝናብ፣ የመብራት መጥፋትና ሳይነግር የሚመጣ ዘመድ እንዲህ ያለውን ሠንጠረዥ በሳምንት ውስጥ ያፈርሱታል። እኔ አጥብቄ የምመክረው ሰዓቱን ትታችሁ ቅደም ተከተሉን እንድትይዙ ነው። ቁርስ በ1:30 ይሁን በ2:30፣ ከቁርስ በኋላ ጥርስ መቦረሽ፣ ከዚያ የጠረጴዛ ሥራ የሚመጣ ከሆነ ልጁ ይረጋጋል። ቀጥሎ ያለው ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

1. ትምህርት ቤቱ ሳይዘጋ ከመምህሩ ጋር ተቀመጡ

በሰኔ አጋማሽ፣ የካርድ ሥራ መምህራንን ሳያጣድፋቸው፣ ግማሽ ሰዓት ጠይቁ። ስለ ውጤት ሌላ ቀን ትነጋገራላችሁ። አሁን የምትፈልጉት እነዚህን ነው፦ ልጁ ያለማንም እርዳታ ጀምሮ የሚጨርሳቸው ሥራዎች የትኞቹ ናቸው? ሲከፋው ምን ያረጋጋዋል? ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲያሸጋግሩት ምን ይሉታል፣ ምንስ ያሳዩታል? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። መምህሯ "አልቋል" እያለች በእጇ ምልክት የምትሰጠው ከሆነ እናንተም ያንኑ ቃልና ያንኑ ምልክት ተጠቀሙ። የክፍሉን በር፣ የሚቀመጥበትን ወንበር፣ መምህሯን አስፈቅዳችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፤ ጳጉሜን ላይ ያስፈልጓችኋል። በክፍል ውስጥ የለመዳቸው የሥዕል ካርዶች ካሉ ለክረምቱ ተዋሱ።

ልጃችሁ ትምህርት ቤትም ሆነ ማዕከል ካላገኘ ይህ መመሪያ አይመለከተንም አትበሉ። በአዲስ አበባ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ያቋቋሙት ጆይ የኦቲዝም ማዕከልና ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል ለብዙ ቤተሰብ መጠጊያ ሆነዋል፤ ተራ የሚጠብቀው ልጅ ግን ካለው ቦታ እጅግ ይበልጣል፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ያለው አብዛኛው ደግሞ ተራ የሚጠብቅበት ቦታ እንኳ የለውም። እንዲህ ላሉ ቤተሰቦች ይህ ዕቅድ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት መዘግየትና ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ለሚንከባከቡ ቤተሰቦች አዘጋጅቶ በኢትዮጵያም የተሞከረው ሥልጠና የሚነሣው ከዚሁ ነው፤ ልጁ የሚማረው በቤት ውስጥ በየቀኑ በሚደጋገመው ሥራና ጨዋታ ነው ይላል። ባለሙያ እስኪገኝ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም ማለት ነው።

በአሜሪካ የምትኖሩ ወላጆች አንድ ተጨማሪ በር አላችሁ። የአገሪቱ የልዩ ትምህርት ሕግ፣ የልጁን የግል የትምህርት ዕቅድ የሚያወጣው ቡድን አስፈላጊ ነው ብሎ ከወሰነ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቱ በበጋው ዕረፍት ጊዜም ያለክፍያ አገልግሎት እንዲሰጥ ያዝዛል። ልጃችሁ ከዚህ በፊት በነበረ ረጅም ዕረፍት የተማረውን ረስቶ መልሶ ለመያዝ ስንት ጊዜ እንደፈጀበት መዝግባችሁ፣ ትምህርት ሊዘጋ ሲል ሳይሆን ወራት ቀደም ብላችሁ ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርቡ። ለዕረፍት አዲስ አበባ የምትመጡ ከሆነ ደግሞ ልጁ ሙቀት ትቶ ብርድና ጭቃ ውስጥ እንደሚገባ አስቡ። የሚያድርበትን ክፍል፣ የአያቱን ፊት፣ የዝናብ ጫማውን በፎቶ እያሳያችሁ ከሁለት ሳምንት በፊት አለማምዱት።

2. ከልጁ ጋር የሚውለውን ሰው አሳትፉ

እናትና አባት ጠዋት ወጥተው ማታ የሚመለሱ ከሆነ ዕቅዱን የሚያስፈጽሙት አያት፣ ታላቅ እኅት ወይም የቤት ሠራተኛ ናቸው። እነሱ ያልተስማሙበት ዕቅድ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ስለዚህ ወረቀት ከማንሣታችሁ በፊት አብራችሁ ተቀመጡና የቤታችሁን እውነተኛ ቀን ለጥቂት ቀናት መዝግቡ። በየሰዓቱ ቤት ያለው ማን ነው? ልጁ የሚነቃቃው መቼ ነው፣ የሚነጫነጨውስ? እንጀራ የሚጋገረው፣ ልብስ የሚታጠበው በየትኛው ቀን ነው? ሠራተኛዋ በዘመን መለወጫ አገሯ የምትሄድ ከሆነ ከአሁኑ ጠይቋት፤ በየቀኑ የሚያየው ሰው ድንገት መጥፋት ለልጁ ትልቅ ለውጥ ነው።

አያት ፊደል ባይቆጥሩም ሥዕል ያነባሉ። ለልጁ የሚሠራው፣ የቀኑን ተራ በሥዕል የሚያሳየው ሰሌዳ (ቁጥር 5 ላይ ታገኙታላችሁ) ለእሳቸውም ይመቻል።

ሁላችሁም በአንድ ቃል ተስማሙ። አባት "ገላህን ታጠብ"፣ አያት "ና ውሃ ልናርግህ"፣ እኅቱ "ሻወር" የሚሉት ከሆነ ልጁ ሦስት የተለያዩ ነገሮች የታዘዘ ሊመስለው ይችላል። አማርኛና ኦሮምኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የሚነገርበት ቤት ከሆነ ማንኛውንም መተው አያስፈልጋችሁም፤ ለእያንዳንዱ ሥዕል ግን አንድ ቋሚ ቃል ስጡት።

3. የማይነቃነቁትን ምሰሶዎች ትከሉ

መነሣት፣ ቁርስ፣ ምሳ፣ ገላ መታጠብ፣ መኝታ። እነዚህ አምስቱ ቅደም ተከተላቸው በእሑድም በበዓልም አይለወጥ። ከአምስቱ የመነሻው ጊዜ ብቻ ለሰዓትም ቢሆን ቢታሰር እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ጠዋት እስከ 4 ሰዓት የተኛ ልጅ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ቤቱን ሁሉ ያስነሣል። የክረምት ጠዋት ደብዛዛ ስለሆነ መጋረጃውን ክፈቱ፣ መብራት አብሩ።

ቴሌቪዥንና ስልክ ከዕቅዱ ውጭ ከተተዉ ቀኑን በሙሉ ይውጡታል። ቦታ ስጧቸው፦ ከጉልበት ሥራ በኋላ፣ ከምሳ በፊት፣ ከመኝታ ግን ራቅ ብሎ። መጠኑንም ልጁ በሚያየው ነገር ለኩት። "ግማሽ ሰዓት" አይታይም፤ "ሁለት አጭር ፊልም" ግን ይቆጠራል።

4. መሐሉን በሚያልቅ ሥራ ሙሉ

በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ጊዜ በሦስት ዓይነት ነገር ይሞላል፤ ተቀምጦ የሚሠራ፣ ጉልበት የሚፈልግና ልጁ ራሱ የሚመርጠው። እያፈራረቃችሁ ደርድሯቸው። ሁለት የመቀመጫ ሥራ ተከታትሎ አይምጣ።

ጥሩ የመቀመጫ ሥራ መጨረሻው የሚታይ ነው። አንድ ኩባያ ምስርና አንድ ኩባያ ሽንብራ ቀላቅላችሁ ለሁለት ሳሕን እንዲለይ ስጡት። የተቀላቀለው ሲያልቅ ሥራው አለቀ፤ ማንም "በቃ" ሊለው አያስፈልግም። ዕቃ ወደ አፉ የሚከት ልጅ ከሆነ በጥራጥሬው ፈንታ ማንኪያና ሹካ ይለይ። ካልሲ ማጣመድ፣ የታጠበ ኩባያ መደርደር፣ አምስት የፊደል ካርዶችን ከአምስት ጓደኞቻቸው ጋር ማገናኘት ሁሉም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። ያልተሠራው በግራ ባለ ቅርጫት፣ የተሠራው በቀኝ ባለ ቅርጫት ይቀመጥ። ይህ አደረጃጀት ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ቲች (TEACCH) በሚባለው፣ ኦቲዝም ያለባቸውን ሰዎች በሚያግዘው መርሃ ግብር ሲሠራበት የኖረ ነው። ልጁ አንድ ሥራ ፊቱ ሲቀርብ አራት ነገር ማወቅ ይፈልጋል፤ ምን እንደሚሠራ፣ ምን ያህል እንደሆነ፣ መቼ እንደሚያልቅና ቀጥሎ ምን እንዳለ። ቅርጫቶቹ ሦስቱን ይመልሳሉ፣ አራተኛውን ሰሌዳው።

የጉልበት ሥራ በክረምት ከሁሉ ይበልጥ የሚረሳው ነው። ልጁ ሜዳ አይወጣም፣ አይሮጥም፣ በጠባብ ቤት ውስጥ ይዋልላል፤ ጉልበቱ መውጫ ሲያጣ በጩኸትና በመሽከርከር ይወጣል። መግፋት፣ መጎተት፣ መሸከምና መጭመቅ ብዙዎቹን ልጆች ያረጋጋሉ። ግማሽ የተሞላ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ከቧንቧ ወደ ወጥ ቤት ማድረስ፣ የታጠበ ልብስ ከእናንተ ጋር ሆኖ መጭመቅ፣ ምንጣፍ ጠቅልሎ መዘርጋት፣ ወለል መወልወል፣ የዳቦ ሊጥ ማሸት። "ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" ይባላል፤ በዚህ ቤት ግን ልጁ ያሸው ትንሽ ዳቦ ለብቻው ተጋግሮ እራት ላይ ይቅረብ። ሠርቶ የጨረሰው ነገር ሲበላ ማየት ከማንኛውም ምስጋና በላይ ይገባዋል። ሊጥ መንካት የሚዘገንነው ልጅ ካለ ሊጡን በንጹሕ ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ ከውጭ ይሸው፤ አታስገድዱት።

የሚመርጠው ጊዜ የእውነት የራሱ ይሁን። የጠርሙስ ክዳን መደርደር ወይም የውሃ ፍሰት ማየት ከወደደ ያንን ያድርግ። ያንን ጊዜ ልጁ የሚያርፍበት እንጂ እናንተ የምታስተምሩበት አታድርጉት።

ለክረምቱ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት የራስ አገዝ ክህሎት ብቻ ምረጡ፤ ካልሲ ማድረግ፣ ሱሪ መልበስ፣ እጅ መታጠብ። ሰባት ነገር የጀመረ ቤተሰብ በነሐሴ ምንም አይጨርስም። የተመረጠውን ክህሎት ቆራርጡትና ከመጨረሻው ጀምራችሁ አስተምሩ። ካልሲ ከሆነ እናንተ ከተረከዝ አሳልፋችሁ አልብሱትና የመጨረሻውን ወደ ላይ መሳብ ብቻ ለእሱ ተዉለት። እሱን ሲችል ከተረከዝ ማሳለፉን ጨምሩ። በዚህ መንገድ ልጁ ሁልጊዜ ሥራውን የሚጨርሰው ራሱ ይሆናል፤ ከፊት ጀምሮ ተምሮ መሐል ላይ ከመሰልቸት ያድነዋል።

5. ሰሌዳውን ሥሩ

ውድ ነገር መግዛት አያስፈልግም። በልጁ ዓይን ትክክል ግድግዳ ላይ አንድ ገመድ ወጥሩና የልብስ መቆንጠጫ ስቀሉበት። በእያንዳንዱ መቆንጠጫ አንድ ሥዕል ይያዛል፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ፊደል እንደሚነበበው። ከገመዱ ሥር የጫማ ካርቶን አስቀምጡ፤ ያለቀው ሥዕል ወደዚያ ይገባል። ሥዕሎቹን በካርቶን ላይ ለጥፋችሁ በሰፊ ግልጽ ፕላስተር ሸፍኗቸው፣ ወይም ፎቶ ኮፒ ቤት ላሚኔት አስደርጓቸው፤ በክረምት እርጥብ እጅ ብዙ ነው።

ምን ዓይነት ሥዕል? ይህ በልጁ ዕድሜ ሳይሆን በሚረዳው መጠን ይወሰናል። ሥዕልና ፎቶ ገና ትርጉም ለማይሰጠው ልጅ ዕቃውን ራሱን ተጠቀሙ፤ ለመታጠብ ትንሽ የሳሙና ዕቃ፣ ለምግብ ማንኪያ፣ ለመውጣት የጃንጥላ መያዣ። ፎቶ ለሚያውቅ ልጅ የራሳችሁን ቤት ዕቃ ፎቶ አንሥታችሁ አሳትሙ። ከበይነ መረብ የሚወረድ የነጭ መታጠቢያ ገንዳ ሥዕል፣ በሳፋ ለሚታጠብ ልጅ ምንም አይነግረውም። የሚያነብ ልጅ የተጻፈ ቃል ብቻ ይበቃዋል፤ በአፍ ብቻ ግን አይሁን፣ ጽሑፉ ይኑር። መናገር የሚችል ልጅ ሰሌዳ አያስፈልገውም የሚል አስተያየት ብዙ ጊዜ ይሰማል። ትክክል አይደለም። በደንብ የሚናገር ልጅም ሲጨነቅ የሚሰማውን ቃል መያዝ ያቅተዋል፤ ሥዕሉ ግን ቆሞ ይጠብቀዋል።

በሁለት ሥዕል ጀምሩ፤ "አሁን" እና "ቀጥሎ"። አሁን ካልሲ ማጣመድ፣ ቀጥሎ ሙዝ። ይህ ሲገባው ሦስት አድርጉት፣ ከዚያ ግማሽ ቀን። ሙሉ ቀን አንድ ላይ ሲያይ የሚጨነቅ ልጅ አለ፤ እሱን በግማሽ ቀን አቁሙት።

ሰሌዳውን ከሩቅ እየጠራችሁ አታንብቡለት። ወደ ልጁ ሂዱ፣ ሥዕሉን በእጁ ስጡት፣ የተስማማችሁበትን ቃል አንድ ጊዜ ተናገሩ፣ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ልጁ የሰማውን ለመረዳት ጊዜ ሊፈልግ ይችላል፤ ፈጥኖ መድገም ሁሉን ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል። ሥራው ሲያልቅ ሥዕሉን ራሱ ወደ ካርቶኑ ይክተት። በመጀመሪያው ሳምንት የሚወዳቸው ነገሮች በገመዱ ላይ ይብዙ። ሰሌዳው ግዴታ ብቻ የሚያመጣ ከሆነ ቀዶ ይጥለዋል፤ ቢጥለውም እውነት አለው።

6. ወራቱን ቁጠሩ

ከቀኑ ሰሌዳ ጎን የወራት ሰሌዳ ይሰቀል። የእኛ የዘመን አቆጣጠር እዚህ ላይ ያግዘናል፤ ሐምሌ 30 ሳጥን፣ ነሐሴ 30 ሳጥን፣ ጳጉሜን 5 ወይም 6 ትንንሽ ሳጥኖች። ወር እኩል ስለሆነ ልጁ ፍርግርጉን ቶሎ ይለምደዋል። ማታ ከመኝታ በፊት አንድ ሳጥን ይሰርዛል። በዓላቱን፣ የክሊኒክ ቀጠሮውን፣ የእንግዳውን መምጫ በሥዕል አመልክቱ። ትምህርት የሚከፈትበትን ቀን ርግጡን እስክታውቁ አትለጥፉ፤ ከተለጠፈ በኋላ የሚገፋ ቀን እምነት ያሳጣል።

7. ለውጥን ራሱን አስተምሩ

አንድ ካርድ በደማቅ ቀለም ሥሩና "ተለወጠ" በሉት። መጀመሪያ የምታለማምዱት በደስ የሚል ለውጥ ነው፤ በጠረጴዛ ሥራው ቦታ ካርዱን ለጥፉና ሥራው ቀርቶ ከረሜላ ወይም ጭፈራ ይምጣ። ካርዱ ክፉ ነገር ብቻ የሚያመጣ አለመሆኑን ሲያውቅ የማይወደውን ለውጥም ቀስ እያለ ይቀበላል። ሰሌዳውን ስትለውጡ ልጁ እያየ ለውጡት፤ ከጀርባው አትቀያይሩ።

ዝናብና መብራት የታወቁ እንግዶች ስለሆኑ ድንገተኛ አይሁኑ። ለመውጣት ከታሰበው ሥዕል ጀርባ "ዝናብ ከመጣ" የሚለውን አማራጭ ለጥፉ፤ ከፊቱ የእግር ጉዞ፣ ከጀርባው ፍራሽ ላይ መዝለል። መብራት ሲጠፋ የሚከፈት አንድ ሳጥን አዘጋጁ፤ በባትሪ የሚሠራ መብራት፣ የሚነካካ አሻንጉሊት፣ የሚወደው ብስኩት። ሳጥኑ በሌላ ጊዜ አይከፈት።

የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርደው ዝናብና ነጎድጓዱ አንዳንዱን ልጅ በእውነት ያምመዋል። "ፈሪ" አትበሉት፣ ወንድሞቹም እንዳይሉት ተከላከሉለት። ከበርና ከመስኮት የራቀ ጥግ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ የተነጠፈበት መጠለያ ሥሩለት፤ የጆሮ መሸፈኛ ቢገኝ መልካም፣ ካልተገኘ ኮፍያ ያለው ወፍራም ሹራብ ድምፁን ይቀንስለታል። ወደ ጥጉ የሚወስደውን ሥዕል በጠራ ቀን አለማምዱት።

8. ፍልሰታ፣ ቡሄ፣ እንቁጣጣሽ

ጾመ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፣ 16 ይፈታል። በነዚህ ቀናት ቅዳሴው ወደ ከሰዓት ስለሚሆን የቤቱ ምሳ ይዘገያል። የልጁ ምሳ ግን ከቦታው አይነሣ። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች የሚበሉት ምግብ ዓይነቱ ጥቂት ነው፤ ወተትና እንቁላል ብቻ የሚበላን ልጅ በጾም ምክንያት ሌላ አምጡ ማለት ምግብ መከልከል ይሆናል። የሚያሳስባችሁ ከሆነ የንስሐ አባታችሁን አስቀድማችሁ አማክሩ፤ ነገሩን በግልጽ ሲሰሙ የሚጨክን አባት የለም ብዬ አምናለሁ።

ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፤ ጅራፉ ግን ከሳምንታት በፊት መጮኽ ይጀምራል። ድምፁ መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ከነጎድጓድ ይከፋል። የሆያ ሆዬን ጭፈራ በስልክ ቅዱና ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ አሰሙት፤ በየቀኑ ጥቂት ጨምሩለት። ለሰፈሩ ልጆችም ንገሯቸው፤ ከእናንተ በር ላይ ዱላውን ቀስ አድርገው እንዲመቱ፣ ከአንድ ዘፈን በኋላ እንዲሄዱ። ልጆች በአክብሮት ሲጠየቁ ይሰማሉ። ለልጃችሁ ደግሞ አንድ ሥራ ስጡት፤ በጠዋቱ ራሱ ያሸውን ሙልሙል ከበሩ ላይ ማደል። ሥራ የያዘ ልጅ ድምፁን የሚችልበት ዕድል ይሰፋል። ካልቻለ ወደ ጥጉ ይግባ፣ ሙልሙሉን ወንድሙ ያድል። የሻደይ፣ የአሸንድዬና የሶለል ከበሮ በየቤቱ በሚዞርባቸው አካባቢዎች ያላችሁም ከነሐሴ 16 በኋላ ላሉት ቀናት ይኸው ዘዴ ይሠራል።

በእንቁጣጣሽ ዋዜማ አዲሱን ልብስ አጥባችሁ፣ የአንገቱን ምልክት ቆርጣችሁ፣ ለጥቂት ደቂቃ አልብሱት። በበዓሉ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለበስ የሚኮሰኩስ ልብስ ግማሹን ልቅሶ ያመጣል። እንግዳ ሲመጣ መሳም የማይወድ ከሆነ እጅ መንሳት ወይም መጨበጥ ይበቃል፤ አክስትና አጎትን በስልክ አስቀድማችሁ አስረዱ።

ሙስሊም ቤተሰቦች ልጁ በክረምት ቁርኣን ቤት የሚሄድ ከሆነ ኡስታዙን ከጅምሩ አነጋግሩ፤ ከበሩ አጠገብ የሚቀመጥበት ቦታ፣ አጭር ሰዓትና የመውጫ ምልክት እንዲኖረው።

9. ስትወጡና በር ላይ

በአዲስ አበባ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ መውጣት ያለባችሁ ጠዋት ነው። አንድ መንገድ፣ አንድ ሱቅ፣ አንድ ዕቃ። ታክሲ የምትይዙ ከሆነ ሰው ሁሉ ሥራ ከገባ በኋላ ውጡ። ሰው ሲያፈጥ ወይም "ምን ነክቶት ነው?" ሲል የምትመልሱትን አጭር ዓረፍተ ነገር ቤት ውስጥ ተዘጋጁበት፤ "ኦቲዝም አለበት፣ ድምፅ ስለበዛበት ነው፤ ጥቂት ቦታ ስጡን።" መርገም ነው፣ የእናት ኀጢአት ነው የሚለውን ለመከራከር ግዴታ የለባችሁም።

ከሁሉ በላይ ግን የውጭውን በር ተጠንቀቁ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሳይታይ ከቤት ሊወጣ ይችላል፣ ብዙዎቹ ደግሞ ወደ ውሃ ይሳባሉ። በክረምት ወንዙ ይሞላል፣ የመንገድ ዳር ቦይ ይጎርፋል፣ የተቆፈረ ጉድጓድ ሁሉ ውሃ ይይዛል። ከልጁ ቁመት በላይ መቀርቀሪያ አስገጥሙ፤ በበሩ ላይ ትንሽ ቃጭል ስቀሉ። ስሙንና ስልካችሁን በልብሱ ውስጠኛ ክፍል ላይ ስፉለት። ለጎረቤት፣ ለባለሱቁና ለጥበቃው የልጁን ፎቶ አሳይታችሁ ሲያዩት እንዲደውሉ ንገሩ። ከጠፋ መጀመሪያ የሚፈለገው በአቅራቢያ ያለ ውሃ ነው፤ አንዱ ወደዚያ እየሮጠ ሌላው ለፖሊስ ይደውል።

10. ሲከፋው

ዕቅዱ የቱንም ያህል ቢያምር የሚፈርስበት ቀን አለ። ልጁ ሲጮኽና ራሱን ሲመታ የሚያስፈልገው ጥቂት ቃል፣ ጥቂት ብርሃን፣ ጥቂት ሰው ነው። ማስረዳት፣ መቆጣት፣ መማለድ ለኋላ ይቆዩ። ጭንቅላቱን ከጠንካራ ነገር በትራስ ከልሉ፤ ሲረጋጋ ውሃ ስጡት፣ ከዚያ ሰሌዳው ላይ ወዳለው ቀላል ሥራ ተመለሱ። ጩኸቱ ከመጀመሩ በፊት በነበረው ሰዓት የሆነውን በደብተር ጻፉ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መንስኤው ራሱ ይታያችኋል፤ ረሃብ፣ የብረት ምጣድ ድምፅ፣ የቡና መቁያ ጭስ።

ባሕርዩ በአንድ ጊዜ ከተለወጠ፣ እንቅልፍና ምግብ አብረው ከተበላሹ፣ ጆሮውን ወይም ጉንጩን መምታት ከጀመረ ዕቅዱን ከመክሰሳችሁ በፊት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። የጥርስ፣ የጆሮና የሆድ ሕመም መናገር በማይችል ልጅ ላይ የሚታየው እንዲህ ነው።

የእናንተም ዕረፍት በሰሌዳው ላይ ይኑር። የእናት ፎቶ ከሻይ ኩባያ ጋር፤ በዚያን ጊዜ ልጁን የሚይዘው አባት ወይም እኅት ነው። ታላቅ እኅቱም ቢሆን ክረምቱን ሙሉ ሞግዚት መሆን የለባትም፤ የእሷን ጨዋታ ሰዓት አስከብሩላት።

11. ጳጉሜን ላይ መመለስ

የጳጉሜን ቀናት ለትምህርት ቤት ናቸው። መነሻውን በየቀኑ አስር አስር ደቂቃ ወደ ትምህርት ሰዓት ቅረቡ። ዩኒፎርሙን አስለኩት፤ ልጁ በሁለት ወር አድጎ ሊጠብበት ይችላል፣ ጠባብ ኮሌታ ደግሞ መጀመሪያውን ቀን ያበላሻል። በሰኔ ያነሣችኋቸውን ፎቶዎች አውጥታችሁ በገመዱ ላይ ስቀሉ፤ በሩ፣ ወንበሩ፣ መምህሯ። መምህሯ ከተለወጠች የአዲሷን ፎቶ ጠይቁ። ጥበቃው ከፈቀደ ግቢው ባዶ እያለ አንድ ጊዜ ገብታችሁ ከበሩ እስከ ክፍሉ አብራችሁ ተራመዱ።

ለአዲሷ መምህርት አንድ ገጽ ጻፉላት። ልጁ በክረምቱ የቻለውን አስቀድሙ፤ ከዚያ የሚያረጋጋውን፣ የሚያስፈራውን፣ ሁላችሁም የምትጠቀሙበትን ቃል፣ በመጨረሻም የምትገኙበትን ስልክ። የሰሌዳውን ሥዕሎች ቅጂ ከገጹ ጋር አያይዙ፤ ክፍሏ ውስጥ ሰሌዳ ከሌለ ገመዱንና መቆንጠጫዎቹንም ጨምሩላት።